ለጤና ኬላው የምትመረጠው ማን ናት?
(ከቢቸናና ከሞጣ አካባቢ)

ከደጀን ተነሥቶ ወደ ባሕር ዳር የሚወስደው መንገድ ቢቸናን፣ ደብረ ወርቅንና ሞጣን እያቋረጠ ያልፋል። በመንገዱ ዳር ያሉት ከተሞች መኪናም፣ ጤና ጣቢያም፣ ሐኪምም ያያሉ። ከመንገዱ ቁልቁል ወደ ዓባይ ሸለቆ የወረዱት፣ ሽቅብም ወደ ጮቄ ተራራ የወጡት ቀበሌዎች ግን ሁኔታቸው ሌላ ነው። ቆላው የወባ አገር ነው፤ ደጋው ብርድና ጭቃ ነው። በክረምት የሙጋና የሱሃ ወንዞች ሲሞሉ፣ ምጥ የያዛትን ሴት በቃሬዛ ተሸክሞ ወደ ከተማ ለማድረስ የተነሣ ሰው ወንዙ እስኪጎድል ዳር ላይ ቆሞ ይጠብቃል። የሚጠባበቁት ባልና ወንድም ናቸው፤ ምጡ ግን አይጠብቅም።

በእንዲህ ያለ ቀበሌ የምትመደብ አንዲት የጤና ሠራተኛ ምን ዓይነት ሰው መሆን እንዳለባት ለመወሰን፣ በወረዳ ከተማ በአንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ጥቂት ሰዎች ተቀምጠው አመልካቾችን ይጠይቃሉ። ጥያቄውና መልሱ ለአንዷ አመልካች ከሩብ ሰዓት እምብዛም አይበልጥም። ይሁንና በዚያች አጭር ጊዜ የሚወሰነው ነገር በሺህ የሚቆጠሩ የአንድ ቀበሌ ነዋሪዎችን ለብዙ ዓመታት የሚነካ ነው። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢም በእነማይና በሁለት እጁ እነሴ ወረዳዎች በዚህ የምርጫ በር ያለፉትንና ከበሩ የተመለሱትን ጥቂት ሴቶች አነጋግሮ፣ ከተናገሩት ውስጥ ለሌሎች ትምህርት ይሆናል ያለውን እንደሚከተለው አቅርቦታል። የተነጋገሩት ሴቶች ስማቸው እንዲጠቀስ አልፈለጉም።

ቀደም ሲል እንዴት ነበር?

በገጠር የሚሠራ የጤና ባለሙያ ጉዳይ ትናንት የተነሣ አይደለም። ቢቸናና ሞጣ በጎጃም ክፍለ ሀገር ሥር ራሳቸውን የቻሉ አውራጃዎች በነበሩበት ዘመን፣ ለአብዛኛው ገበሬ ሐኪም ማለት ድሬሰር ማለት ነበር። በ1947 ዓ.ም. የተቋቋመው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የጤና መኮንኖችን፣ የኅብረተሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና አጠባበቅ ባለሙያዎችን እያሠለጠነ ወደ አውራጃዎች በመላክ ታላቅ ሥራ ሠርቷል። ነገር ግን የእነዚህ ባለሙያዎች ማረፊያ ከጤና ጣቢያው አልፎ ወደ ጎጡ አይዘልቅም ነበር።

በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ከታወጀና የገበሬ ማኅበራት ከተቋቋሙ በኋላ፣ ማኅበራቱ ከመካከላቸው የኅብረተሰብ ጤና ወኪሎችን እየመረጡ ለአጭር ሥልጠና ይልኩ ጀመር። የልምድ አዋላጆችም ሠልጥነው ወደ መንደራቸው ተመለሱ። ሐሳቡ መልካም ነበር፤ ከሕዝቡ የወጣ ለሕዝቡ ይሠራል የሚል ነው። ችግሩ ደመወዝ አለመኖሩ ነበር። የጤና ወኪሉ የራሱን እርሻ ማረስ፣ የራሱን ልጆች ማብላት ነበረበት። ማኅበሩ ይረዳዋል ቢባልም ርዳታው በየቦታው አልጸናም። ከዚህም የተነሣ አያሌ ወኪሎች ሥራውን እየተዉ ወደ ሞፈርና ቀንበራቸው ተመለሱ።

ከዚህ የተገኘው ትምህርት ሁለት ነው። አንደኛው፣ የጤና ሠራተኛው ከአካባቢው ሰው መካከል መመረጥ አለበት። ሁለተኛው፣ ለሥራው ሊከፈለው ይገባል። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ሁለቱንም አጣምሮ የያዘ ነበር።

የምርጫው ደንብ

በፕሮግራሙ መሠረት ለአንድ ቀበሌ፣ ይኸውም በአማካይ ለ5,000 ያህል ሕዝብ፣ ሁለት ደመወዝተኛ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ይመደባሉ። አመልካቿ ሴት እንድትሆን፣ ዕድሜዋ ከ18 ዓመት ያላነሰ፣ ቢያንስ 10ኛ ክፍል ያጠናቀቀች፣ የአካባቢውን ቋንቋ የምትናገርና የቀበሌው ነዋሪ እንድትሆን ደንቡ ይጠይቅ ነበር። ሴት እንድትሆን የተፈለገበት ምክንያት ግልጽ ነው። ሥራው በአብዛኛው የእናቶችና የሕፃናት ጉዳይ ስለሆነ፣ ባል በሌለበት ቤት ገብታ ስለ ወሊድና ስለ እርግዝና ለመነጋገር ለሴት ይቀላታል። በአርብቶ አደር አካባቢዎች ብቻ፣ የተማረች ሴት በበቂ ቁጥር ባልተገኘበት ጊዜ፣ ወንዶችም እንዲመለመሉ ተፈቅዷል።

መራጩ ኮሚቴ የሚውጣጣው ከወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት፣ ከትምህርትና ከአቅም ግንባታ ጽሕፈት ቤቶች እንዲሁም ኅብረተሰቡ ከሚወክለው ሰው ነበር። የተመረጠችው ልጅ በቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛ ተቋም አንድ ዓመት ትማር ነበር። የምትማረውም 16 ፓኬጆችን ነበር። እነዚህም የቤተሰብ ጤና፣ በሽታን የመከላከልና የመቆጣጠር፣ የግልና የአካባቢ ንጽሕና፣ የጤና ትምህርት በሚሉ አራት ክፍሎች የተመደቡ ነበሩ። በ1997 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹ ሠልጣኞች ተመርቀው ወደ ቀበሌዎቻቸው ገቡ። በጥቂት ዓመታት ውስጥም በአገሪቱ የሠለጠኑት ቁጥር ከ30,000 በላይ ደረሰ። ይህን ያህል ብዛት ያላቸው የገጠር ልጃገረዶች በአንድ ጊዜ ወደ መንግሥት ሥራ የገቡበት ዘመን ከዚያ በፊት አልነበረም።

በወንበሩ ፊት

ከዓባይ በኩል ካለ የቆላ ቀበሌ የመጣች አንዲት ሴት ቢቸና ለጥያቄ የቀረበችበትን ቀን ዛሬም ትናንት እንደሆነ አድርጋ ታስታውሳለች። ከቤቷ የተነሣችው ገና ጎሕ ሳይቀድ ነበር። ጫማዋ በጭቃ እንዳይበላሽ በፌስታል ቋጥራ በእጇ ይዛ በባዶ እግሯ መጣች፤ ከተማው መግቢያ ላይ ከወራጅ ውኃ እግሯን ታጥባ ተጫማች። ከተጠሩት ልጆች መካከል የከተማ አለባበስ የለበሱ ብዙዎች ስለነበሩ፣ ገና ሳትጠየቅ የወደቀች መስሏት ነበር።

ስሟ ሲጠራ ገብታ ቆመች። ተቀመጪ እስክትባል አልተቀመጠችም። የቀረቡላት የመጀመሪያ ጥያቄዎች ስለ ትምህርቷ ነበሩ፤ እነርሱን እየፈራች መለሰች። ቀጥሎ አንድ ሸምገል ያሉ የኮሚቴ አባል፣ በቀበሌሽ አንድ አባወራ ሽንት ቤት አልቆፍርም ቢልሽ ምን ታደርጊያለሽ ሲሉ ጠየቋት። ልጅቷ በዚህ ጊዜ ፍርሃቷ ለቀቃት። በመጀመሪያ ለሚስቱ እነግራለሁ፤ ከዚያም እርሱ የሚያከብረውን ጎረቤቱን አስቆፍሬ እንዲያይ አደርጋለሁ፤ ሁለቱም እንቢ ካሉ የአባቴን ዶማ ይዤ ሄጄ እኔው እጀምራለሁ፤ አንዲት ልጅ ደጃፉ ላይ ስትቆፍር እያየ የሚቀመጥ ወንድ በአገራችን የለም ብላ መለሰች። ኮሚቴው ሳቀ። ሳቁን ሰምታ ተበላሸብኝ ብላ ነበር፤ ዝርዝሩ ሲለጠፍ ግን ስሟን አገኘችው።

ይህች ሴት ከሥልጠና ከተመለሰች በኋላ ያንን የተናገረችውን በእርግጥ ማድረግ እንደነበረባት ትናገራለች። የሥራው ደንብ ከሥራ ጊዜዋ ሦስት አራተኛውን ከቤት ወደ ቤት እየዞረች እንድታሳልፍ ያዝ ነበር። አንድ ቤተሰብ ሞዴል ለመባል 96 ሰዓት ትምህርት መከታተልና የተማረውን በቤቱ ውስጥ በሥራ ማሳየት ነበረበት። ይህ ሁሉ የሚሠራው በእግር ነው። ስለዚህ ያ ሸምገል ያሉ ሰው ያቀረቡት ጥያቄ ከሁሉ የሚበልጠው ጥያቄ ነበር ስትል ትፈርዳለች። የአካል ክፍሎችን ስም የማያውቅ ሠልጥኖ ያውቀዋል፤ እንቢ ካለ ሰው ጋር መነጋገር የማይችል ግን በአንድ ዓመት ሥልጠና አይማረውም።

ሁለተኛዋ ያነጋገርናት ሴት የሞጣ አካባቢ ሰው ናት፤ የእርሷ ታሪክ ደስ የሚል አይደለም። በቀበሌዋ ለሁለት ቦታ የተመዘገቡት ከአሥር የማያንሱ ልጆች ነበሩ። የቀበሌው ተወካይ ግን ከጥያቄው ዋዜማ ጀምሮ የሁለት ልጆችን ስም እያነሣ ይናገር ነበር። ከእነዚህ አንዷ በቀበሌው ውስጥ አትኖርም፤ በከተማ ትማር የነበረችና ዘመዶቿ ብቻ በቀበሌው ያሉ ናት። በጥያቄው ክፍል ውስጥ ለዚህች ሴት የቀረቡላት ጥያቄዎች ሁለት ብቻ ነበሩ። አንዱ የአባትሽ ስም ማን ነው የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ ለማግባት የታጨሽ ነሽ ወይ የሚል ነው። ስለ ጤና አንድም ነገር ሳትጠየቅ ወጣች።

በከተማ ትኖር የነበረችው ልጅ ተመርጣ፣ ሠልጥና ተመደበች። ሁለት ክረምት ሳይሞላት የዝውውር ማመልከቻ አስገባች፤ ቆይታም ሄደች። በዚያ መካከል ጤና ኬላው ለብዙ ወራት በአንዲት ሠራተኛ ብቻ ቀረ፤ ያችም ወሊድ ፈቃድ ስትወጣ ጨርሶ ተዘጋ። በሩ በተዘጋበት ወራት የክትባት ቀን አልፎባቸው የቀሩ ሕፃናት እንደነበሩ ሴትየዋ ታስታውሳለች። ከነዚህም አንዱ የገዛ እኅቷ ልጅ ነበር። እኔ ብመረጥ ኖሮ የት እሄድ ነበር? አገሬም ቤቴም እዚያው ነው ስትል ጠይቃለች። በሚቀጥለው ምልመላ ደግማ አመለከተች። በዚያን ጊዜ ኮሚቴው የተለወጠ ስለነበር ተመረጠች፤ ዛሬም በሥራ ላይ ናት።

ሦስተኛዋ ደግሞ ለምርጫው ስትቀርብ የአራት ወር ሕፃን ነበራት። ሕፃኑን በር ላይ ለእናቷ ሰጥታ ገባች። በጥያቄው መካከል ሕፃኑ አለቀሰ፤ ጡቷ አጋተ፤ የምትመልሰውን ረሳች። ከኮሚቴው አባላት አንዱ ልጅ ይዘሽ እንዴት ሥልጠና ትገቢያለሽ ብለው ሲጠይቋት ሌላዪቱ አባል ሴት ነበሩና፣ እናት የሆነችውን ካልመረጥን ለእናቶች ማንን ልንመርጥ ነው አሉ። ልጅቷ በዚያ ንግግር ተበረታትታ የረሳችውን አስታወሰች። ከሥልጠናው ዓመት ግማሹን ከልጇ ተለይታ ማሳለፏን ስትናገር ግን ድምፅዋ ይለወጣል። ልጁን ያሳደገችው አያቱ ናት።

የምርጫው ፍሬ

በዚህ መንገድ የተመረጡት ሴቶች ያመጡት ለውጥ በቁጥር ይታያል። በ1992 ዓ.ም. በተደረገው አገር አቀፍ የሕዝብና የጤና ጥናት መሠረት፣ በኢትዮጵያ ከ100,000 በሕይወት ከሚወለዱ ሕፃናት አንጻር 871 እናቶች በእርግዝናና በወሊድ ምክንያት ይሞቱ ነበር። በ2008 ዓ.ም. በተደረገው ተመሳሳይ ጥናት ቁጥሩ ወደ 412 ወርዷል። በመጀመሪያው ጥናት ጊዜ በጤና ድርጅት የሚወልዱት ከመቶ አምስት ያህል ብቻ ነበሩ። በ2008 ዓ.ም. 26፣ በ2011 ዓ.ም. ደግሞ 48 ከመቶ ደረሱ። አምስት ዓመት ሳይሞላቸው የሚሞቱ ሕፃናትም በ1992 ዓ.ም. ከ1,000 ውስጥ 166 የነበሩት በ2008 ዓ.ም. ወደ 67 ዝቅ ብለዋል።

ይህ ውጤት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ብቻ አይደለም። መንገድ፣ ትምህርት ቤት፣ ጤና ጣቢያና አምቡላንስም ድርሻ አላቸው። ነገር ግን ነፍሰ ጡሯን በስሟ የምታውቃት፣ የመውለጃ ወሯን ቆጥራ ወደ ጤና ጣቢያ ሂጂ የምትላት ያች በቀበሌ የተመደበችው ሴት መሆኗን ማንም የገጠር ነዋሪ ይመሰክራል።

ዛሬ ያለው ሁኔታ

ከመጀመሪያዎቹ ምልመላዎች ወዲህ ብዙ ነገር ተለውጧል። አያሌ ሠራተኞች ተጨማሪ ትምህርት ወስደው ወደ ደረጃ 4 አድገዋል። በጤና ጣቢያና በሆስፒታል ለመቀጠር የሚያመለክቱት ደግሞ በዲፕሎማና በዲግሪ የተመረቁ ነርሶች፣ አዋላጆች፣ የጤና መኮንኖችና የላቦራቶሪ ባለሙያዎች ናቸው። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ የጤና ሚኒስቴር ለተመራቂዎች የሙያ ፈቃድ ፈተና መስጠት ጀምሯል። ቀድሞ አመልካች ጠፍቶ ቦታው ክፍት ይቀር እንደነበረ ሁሉ፣ ባለፉት ዓመታት ተመራቂው በዝቶ ቦታው አንሷል።

የዚህ ዘመን አመልካች ችግር ከቀድሞዋ ይለያል። ማስታወቂያ በወረዳው ወይም በዞኑ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል፤ አንዳንድ ጊዜ የምዝገባው ቀን ካለፈ በኋላ ነው ወሬው ለገጠሩ ልጅ የሚደርሰው። ለምዝገባ አንድ ጊዜ፣ ለጽሑፍ ፈተና ሁለተኛ ጊዜ፣ ለቃል ጥያቄ ሦስተኛ ጊዜ መመላለስ አለበት። ለእያንዳንዱ ጉዞ የመኪና፣ የአልጋና የምግብ ገንዘብ ያስፈልጋል። ልጁን ለማስተማር በሬ የሸጠ አባት፣ ለሥራ ፍለጋው ደግሞ በግ ይሸጣል። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በክልሉ በተነሣው ግጭት ምክንያት መንገድ በተዘጋባቸው ቀናት፣ ተጠርተው ሳይደርሱ የቀሩ አመልካቾችም አሉ። ከሞጣ ባሕር ዳር 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ መንገድ ሲዘጋ ግን ርቀቱ በኪሎ ሜትር አይለካም።

አንዲት በአዋላጅነት የተመረቀች ወጣት፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ማስታወቂያ ስታሳድድ ከቆየች በኋላ ለቃል ጥያቄ ስትቀርብ የገጠማትን ነግራናለች። የተጠየቀችው፣ ከወሊድ በኋላ ብዙ ደም የሚፈስሳት እናት ብታጋጥምሽ መጀመሪያ ምን ታደርጊያለሽ ተብላ ነው። መልሱን ታውቀዋለች፤ ማኅፀኗን አሻለሁ፣ ማኅፀኑን የሚያኮማትረውን መድኃኒት እሰጣለሁ፣ ፊኛዋ ሞልቶ እንደሆነ አይቼ አጎድላለሁ፣ ሰው እጣራለሁ ብላ በቅደም ተከተል ተናገረች። ጠያቂው ቀጥሎ መድኃኒቱ ባይኖርስ አላት። በዚህ ጊዜ ዝም አለች። ኋላም እውነቱን ለመናገር ብላ፣ ማኅፀኗን ማሸቱን ሳላቋርጥ ሕፃኑን ጡት አስይዛለሁ፣ በፍጥነትም ወደ ሆስፒታል እልካታለሁ፤ ነገር ግን መድኃኒት በሌለበት ጤና ጣቢያ ይህ ከመድረሱ በፊት መድኃኒቱን መጠየቅ የእኔ ሥራ ነበር ብላ መለሰች። በዚያ መልስ ሥራውን ያግኝ አታግኝ ገና አላወቀችም፤ ስታነጋግረን ውጤቱ አልተለጠፈም ነበር።

ለአመልካቾችና ለጠያቂዎች

ከእነዚህ ሴቶች ልምድ በመነሣት ለአዲስ አመልካቾች ጥቂት ምክር መስጠት ይቻላል። የትምህርት ማስረጃዎችን ዋናውንና ቅጂውን ለይቶ መያዝ፣ የቀበሌ መታወቂያን ቀድሞ ማሳደስ፣ የምዝገባ ቀን እንዳያልፍ በከተማ ለሚኖር ዘመድ አደራ መስጠት ያስፈልጋል። በጥያቄው ጊዜ ያላወቁትን አላውቅም ማለት ከመቀባጠር ይሻላል። ከሁሉ በላይ ግን ስለ ተመደቡበት አካባቢ ማወቅ ያሻል፤ ቆላ ነው ደጋ፣ ወባ አለ የለም፣ ሕዝቡ የሚጠጣው የምንጭ ውኃ ነው የወንዝ፣ ጤና ጣቢያው ስንት ሰዓት ያስኬዳል። ይህን የምታውቅ አመልካች ከጠያቂዎቿ ጋር በእኩልነት ትነጋገራለች።

ጠያቂዎችም ራሳቸውን ሊመረምሩ ይገባል። ለሁሉም አመልካች አንድ ዓይነት ጥያቄ ማቅረብ፣ ነጥቡን በእያንዳንዱ ጥያቄ ወዲያው መጻፍ፣ ውጤቱን ከነነጥቡ መለጠፍ፣ ቅሬታ ያለው የሚያቀርብበትን ቀንና ቦታ ማስታወቅ ከባድ ሥራ አይደለም። ታጭተሻል ወይ፣ የማን ልጅ ነሽ የሚሉ ጥያቄዎች ከሥራው ጋር ምንም ግንኙነት የላቸውም። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ እንኳ ተመሳሳይ ወይም ተቀራራቢ ነጥብ ላገኙ ሴቶች ቅድሚያ እንዲሰጥ ደንግጎ ነበር። ታዲያ ሴት በመሆኗ ቅድሚያ የሚገባትን፣ ሴት በመሆኗ የሚያሳፍር ጥያቄ መጠየቅ እንዴት ይገባል?

የቀበሌው ነዋሪም ከነገሩ ውጭ አይደለም። የምትመረጠው ልጅ ለእርሱ ናት። በምርጫ ጊዜ ለዘመዱ የተናገረ ሰው፣ ጤና ኬላው በተዘጋ ጊዜ ከሌላው ጋር አብሮ በሩ ላይ ይቆማል። በሞጣ አካባቢ ያነጋገርናት ሁለተኛዋ ሴት ይህን በሚገባ ታውቀዋለች። የእኅቷ ልጅ ክትባቱ ባለፈበት ወራት፣ የመጀመሪያዋን ልጅ ያስመረጡት የቀበሌው ተወካይም የራሳቸውን የልጅ ልጅ አዝለው ከተዘጋው በር ተመልሰው ነበር። ሴትየዋ ስትመደብ በመጀመሪያው የክትባት ቀን ሕፃኑን አቅፈው የመጡት እርሳቸው ነበሩ። ምንም አላለቻቸውም። ካርዱን አውጥታ የሕፃኑን ስም ጻፈች፤ ከተበት፤ በሚቀጥለው ወር የሚመለሱበትንም ቀን ነግራ አሰናበተቻቸው።